ስብስብና ሰልፍ አንድ አይደሉም፦ የጌኦርግ ካንቶር የሕይወት ታሪክ

በዚህ የታዋቂ ሰዎች ዓምዳችን የምናቀርበው ጀርመናዊውን የሂሳብ ሊቅ ጌኦርግ ካንቶርን ነው። ስሙ ለሂሳብ እጩ መምህራን አዲስ አይደለም። ይሁን እንጂ ኮምፒዩተር የሚያስተምሩና የሚማሩ ሁሉ ሊያውቁት የሚገባ ሰው ሆኖ ስላገኘነው ሰፋ አድርገን ጽፈንለታል። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዘመናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልን።

ከሰውየው በፊት ነገሩን እናስቀድም። በእኛው አገር ገበዝ ማርያም የሚባል ቦታ አለ። ገበዝ ማለት እንደሚታወቀው የቤተ ክርስቲያን ንብረት ጠባቂና አስተዳዳሪ ነው። አንድ ቄሰ ገበዝ ኃላፊነቱን ለተተኪው ሲያስረክብ ዕቃው በዝርዝር ይጻፋል፤ መስቀሉ፣ ጽናው፣ ከበሮው፣ ጸናጽሉ፣ መጻሕፍቱ። ታዲያ በዝርዝሩ ላይ ከበሮው ከመስቀሉ በፊት ቢጻፍ ንብረቱ ይለወጣል እንዴ? አይለወጥም። ተረካቢው የሚጠይቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ የተጻፈው ሁሉ አለ ወይ? ካልተጻፈው ውስጥስ የተገኘ አለ ወይ? ወረቀቱ ላይ ግን አንዱ ከአንዱ ሳይቀድም መጻፍ አይቻልም። ዕቃ ቤቱ ውስጥ ያልነበረ ሰልፍ ወረቀቱ ላይ ይመጣል።

ኮምፒዩተርም እንዲሁ ነው። አንድ ፕሮግራም በሥራ ላይ ሳለ የያዘውን ስብስብ በፋይል ለማስቀመጥ ወይም ወደ ሌላ ኮምፒዩተር ለመላክ ሲፈልግ አባላቱን አንድ በአንድ አሰልፎ ይጽፋቸዋል። ይህን ባለሙያዎቹ ሲሪያላይዜሽን ይሉታል። በወዲያኛው ጫፍ ደግሞ ሰልፉ ተነብቦ፣ ተበትኖ፣ ስብስቡ እንደገና መቋቋም አለበት። ሲሉት ቀላል ይመስላል። ብዙው ፕሮግራም ጸሐፊ የሚወድቀው ግን እዚሁ ላይ ነው፤ ስብስብ ምን እንደሆነ፣ ሰልፍስ ምን እንደሆነ ሳይለይ ስለሚጀምር። ይህን ልዩነት በሂሳብ ቋንቋ አጥርቶ ያስቀመጠው ካንቶር ሲሆን፣ ዋጋውንም ከፍሎበታል።

ካንቶር መጋቢት 3 ቀን 1845 በሩሲያዋ የሴንት ፒተርስበርግ ከተማ ተወለደ። አባቱ ነጋዴ፣ እናቱ ከሙዚቀኞች ቤተ ሰብ ነበረች፤ እሱም ቫዮሊን ደህና አድርጎ ይጫወት ነበር ይባላል። አባቱ ስለታመመ ቤተ ሰቡ በ1856 ወደ ጀርመን ተዛወረ። አባት ልጁን መሐንዲስ ሊያደርገው ቢፈልግም በመጨረሻ ሂሳብ እንዲያጠና ፈቀደለት። በ1862 በስዊስ አገር በዙሪክ ፖሊቴክኒክ ጀመረ፤ በማግሥቱ ዓመት አባቱ ሲሞት ወደ በርሊን ዩኒቨርሲቲ ሄደ። (ዙሪክን አንባቢ በልቡ ይያዛት፤ ወደ ኋላ እንመለስባታለን።) በርሊን ካስተማሩት መካከል ቫየርሽትራስ፣ ኩመርና ክሮኔከር ይገኙበታል። ክሮኔከርን ልብ በሉ።

በ1867 የዶክትሬት ዲግሪውን ያዘ። ከዚያ ወዴት ሄደ ቢባል፣ እንደ እኛው ወደ መምህርነት ነው። በበርሊን በአንድ የሴት ልጆች ትምህርት ቤት አስተማረ፤ በ1868 ደግሞ ለሂሳብ መምህራን ሥልጠና ይሰጥ በነበረው የሼልባኽ ሴሚናር ገባ። የዘመኑን ሂሳብ የገለበጠ ሰው የማስተማር ዘዴ ሠልጣኝ ሆኖ ወንበር ላይ መቀመጡ በየታሪክ መጻሕፍቱ በአንድ መስመር የሚታለፍ ነገር ነው፤ እኛ ግን በዚህ ገጽ ልናልፈው አልወደድንም።

በ1869 ወደ ሃለ ዩኒቨርሲቲ ሄደ። ሃለ በዚያን ጊዜ እንደ በርሊን ያለ ስም ያልነበራት ቦታ ስትሆን፣ ካንቶር ዕድሜውን ሁሉ ወደ በርሊን ለመመለስ ሲመኝ እዚያው ቀረ። እዚያ የነበረው ሃይነ የሚባል ፕሮፌሰር አንድ አስቸጋሪ ጥያቄ ሰጠው፤ እሱም በ1870 ፈታው። ጥያቄውን ሲያሰፋ በቁጥር መስመር ላይ ያሉ የነጥብ ስብስቦችን ራሳቸውን ማጥናት ግድ ሆነበት። ከዚያ በኋላ ወደ ኋላ አላለም።

በ1872 በስዊስ አገር ዴዴኪንድ ከተባለ የሂሳብ ሊቅ ጋር ተዋወቀና ደብዳቤ ይጻጻፉ ጀመር። በ1873 ኅዳር ወር መጨረሻ ላይ አንድ ጥያቄ ላከለት። 1፣ 2፣ 3 እያልን የምንቆጥርባቸው ቁጥሮች አያልቁም። በቁጥር መስመር ላይ ያሉት ነጥቦችም አያልቁም። ሁለቱን አንድ ለአንድ ማዛመድ ይቻላል ወይ? በሌላ አነጋገር፣ ነጥቦቹን በሙሉ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ እያልን ማሰለፍ ይቻላል ወይ? ክፍልፋዮችን ማሰለፍ እንደሚቻል ያውቅ ነበር። የመስመሩን ነጥቦች ግን ማሰለፍ እንደማይቻል ሁለት ሳምንት ሳይሞላው አረጋገጠ። ጽሑፉ በ1874 ታተመ፤ በዚያው ዓመት ቫሊ ጉትማን የተባለች ወጣት አገባ፤ ስድስት ልጆችም ወለዱ።

ይህን ነገር በ1891 ይበልጥ ቀላል በሆነ ዘዴ ደግሞ አሳየው። ዘዴውን ለመምህር በሚስማማ ምሳሌ እንንገረው። የስም መጥሪያ አስቡ፤ ግን ተማሪዎቹም የማያልቁ፣ ቀኖቹም የማያልቁ ይሁኑ። በየተማሪው ትይዩ በየቀኑ የመጣ ወይም የቀረ የሚል ምልክት አለ። አንድ ሰው ተነሥቶ ሊኖር የሚችለው የምልክት ረድፍ በሙሉ እዚህ መጥሪያ ላይ ተሰልፏል፣ የቀረ የለም ቢለን እንዲህ እናደርጋለን። የአንደኛውን ተማሪ አንደኛ ቀን እናይና ተቃራኒውን እንጽፋለን፤ የሁለተኛውን ተማሪ ሁለተኛ ቀን እናይና ተቃራኒውን፤ የሦስተኛውን ሦስተኛ ቀን እንዲሁ፤ በዚሁ እንቀጥላለን። የሚወጣው ረድፍ ከአንደኛው ተማሪ በአንደኛው ቀን፣ ከሁለተኛው በሁለተኛው ቀን ይለያል፤ ስለዚህ ከማንም ጋር አይገጥምም። መጥሪያው ላይ የለም። አለቀ! አሰልፈናል ያለው ሰው አላሰለፈም። እንዲህ ቢሆንም ስብስቡ ስብስብ ከመሆን አልቀረም፤ ሰልፍ እምቢ ያለው ስብስብ ነው። እርግጥ ነው በኮምፒዩተር የምንይዘው ስብስብ ሁሉ የሚያልቅ ስለሆነ መሰለፉ አያቅተውም። ነገር ግን ሰልፍ የስብስቡ የራሱ ጠባይ ሳይሆን እኛ የምናመጣበት ነገር መሆኑ ለመጀመሪያ ጊዜ እንዲህ ገሃድ የወጣው እዚህ ላይ ነው።

በ1882 ካንቶር ሌላ ፍሬ ነገር ጻፈ። አንድ ስብስብ በደንብ ተወስኗል የሚባለው መቼ ነው? ማንኛውም ነገር ሲቀርብ አባል መሆን አለመሆኑ የተወሰነ ሲሆን፣ እንዲሁም በተለያየ አኳኋን የቀረቡ ሁለት አባላት አንድ መሆን አለመሆናቸው የተወሰነ ሲሆን ነው አለ። ሁለተኛውን ነጥብ ፈረንጅ ከሚረዳው ይልቅ የአማርኛ መምህር ይረዳዋል ብንል ማጋነን አይሆንብንም። ኃይሉ፣ ሐይሉ፣ ሃይሉ፤ አንድ ተማሪ ናቸው ወይስ ሦስት? ፀሐይና ጸሐይስ? የግዕዝ ፊደል በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሠንጠረዥ ውስጥ በ1999 ሲገባ ለየአንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር ስለተሰጠው፣ ለኮምፒዩተሩ ኃ እና ሃ እንደ መና ለ የተለያዩ ናቸው። አንዱ ጸሐፊ ስሙን በአንድ ፊደል፣ ሌላው በሌላ ፊደል ከመዘገበው ስብስቡ ሁለት ሰው ይዞ ይቀመጣል። ፋይሉን በስንት ጥንቃቄ ብናስቀምጥና ብንመልስ ይህ አይድንም። የትኛው ከየትኛው ጋር አንድ እንደሆነ መወሰን ያለበት ስብስቡ ሳይሰለፍ በፊት ነው። በፋይሉ የጻፈው ፕሮግራምና ያነበበው ፕሮግራም የተለያየ ውሳኔ ከያዙማ ጉዱ ያን ጊዜ ነው፤ 43 ተማሪ የሄደው 42 ሆኖ ይመለሳል።

አሁን ወደ ጠቡ እንምጣ። የቀድሞ መምህሩ ክሮኔከር ሂሳብ ሁሉ ከሙሉ ቁጥሮች ተነሥቶ በሚያልቁ እርምጃዎች ብቻ መገንባት አለበት የሚል ጽኑ እምነት ነበረው። ማለቂያ የሌለውን ነገር እንደ አንድ ሙሉ ዕቃ ይዞ ይህ ይበልጣል፣ ያ ያንሳል ማለት ለእሱ ሂሳብ አልነበረም። ክሮኔከር በበርሊን ትልቅ ሰው ነበር፤ ካንቶር እዚያ ወንበር እንዳያገኝ መንገዱን ዘጋበት። ካንቶር በ1877 ለአንድ ታዋቂ መጽሔት የላከው ጽሑፍ ሲዘገይበት ክሮኔከር ነው ያስቆመው ብሎ ጠረጠረ፤ በ1878 ቢታተምለትም ወደዚያ መጽሔት ዳግመኛ አልላከም። በ1879 በሃለ ሙሉ ፕሮፌሰር ሆነ። በ1884 ግን የአእምሮ ሕመም ወደቀበት። ብዙ ጸሐፊዎች ሕመሙን በክሮኔከር ያሳብባሉ። እኛ በዚህ አንስማማም። ሕመሙ ከዚያ በኋላም እየሄደ እየመጣ ዕድሜ ልኩን የተከተለው ነው፤ ክሮኔከር ከሞተም በኋላ አልተወውም። ጠቡ አባብሶት ይሆናል፤ በሽታውን ሁሉ ለአንድ ሰው ማሸከም ግን ፍርድ አይደለም።

ይበልጥ ያሳዘነን በ1885 የደረሰበት ነው። ሚታግ ሌፍለር የሚባለው የስዊድን ሂሳብ ሊቅ ወዳጁና አሳታሚው ነበር። ካንቶር ስለ ሰልፍ ዓይነቶች የጻፈውን ጥናት ላከለት። ሚታግ ሌፍለር ግን ጽሑፉ ከዘመኑ መቶ ዓመት ያህል የቀደመ መሆኑን ጠቅሶ ከማተሚያ ቤት እንዲያነሣው ለመነው። ካንቶር አነሣው፤ ልቡ ግን ቆሰለ። ከጠላት ሳይሆን ከወዳጅ የመጣ ነበርና።

ያ የተነሣው ሐሳብ ተሻሽሎ በ1895ና በ1897 በሁለት ክፍል ወጣ፤ በመካከሉ ያለው ዓመት የዐድዋ ድል ዓመት መሆኑን ስናስታውስ ዘመኑ ቅርብ ሆኖ ይታየናል። በዚህ ሥራው ካንቶር አንድ ቀላል ምልክት ተጠቀመ። በስብስቡ ስም ላይ አንድ ሰረዝ ካሰመረ፣ አባላቱ ምን እንደሆኑ ረስተን አሰላለፋቸውን ብቻ ያዝን ማለት ነው። ሁለተኛ ሰረዝ ካሰመረ፣ አሰላለፉንም ረሳን፤ የቀረው ብዛት ነው። ልብ በሉ፤ ሰልፍን መርሳት ራሱን የቻለ አንድ እርምጃ ነው፤ ራሱን የቻለ ሰረዝ ተሰጥቶታል። ፋይል አንብቦ ስብስብ የሚመልስ ፕሮግራም የሚዘለው ብዙውን ጊዜ ይህን እርምጃ ነው።

በ1890 የጀርመን ሂሳብ ሊቃውንት ማኅበር ሲቋቋም ካንቶር ዋነኛ መሥራችና የመጀመሪያ ሊቀ መንበር ሆነ። ባላንጣውን ክሮኔከርን በ1891ዱ ስብሰባ እንዲናገር ጋበዘው፤ ይህ ትልቅነቱን ያሳያል። የክሮኔከር ባለቤት ግን በተራራ አደጋ ቆስላ ስለሞተች አልመጣም፤ እሱም በዚያው ዓመት መጨረሻ አረፈ። በታኅሣሥ 1899 የካንቶር የመጨረሻ ወንድ ልጅ ሩዶልፍ በድንገት ሞተበት። ከዚያ ወዲህ በየሕክምና ቤቱ መግባቱ በዛ። በ1904 የለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ የሲልቬስተርን ሜዳይ ሸለመው። በ1913 ጡረታ ወጣ። የአንደኛው የዓለም ጦርነት ረኃብ አገሩን ሲመታ እሱ ታሞ ነበር፤ በ1917 ለመጨረሻ ጊዜ ሃለ በሚገኘው የአእምሮ ሕክምና ቤት ገባ። ወደ ቤቱ እንድትወስደው ለሚስቱ ደጋግሞ ጻፈ። ጥር 6 ቀን 1918 እዚያው ሞተ።

ከማተሚያ ቤት የተነሣው የ1885 ጽሑፍ ከመቶ ዓመት ጥቂት ሲቀረው በ1970 ተገኝቶ ታተመ። አሁን ዙሪክን እናስታውስ። በዚያው በ1970፣ ካንቶር ዩኒቨርሲቲ በጀመረበት በዚያው የዙሪክ ፖሊቴክኒክ፣ ኒክላውስ ቪርት የተባለ ፕሮፌሰር ፓስካል የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ አወጣ። በፓስካል ውስጥ ስብስብ እንደ ቁጥርና እንደ ፊደል አብሮ የተፈጠረ ዓይነት ነበር። አሠራሩ ልክ እንደ ስም መጥሪያ ነው፤ ሊኖሩ የሚችሉት ሁሉ ቦታ ተሰጥቷቸው፣ ላለ 1፣ ለሌለ 0 ይጻፋል። ነገር ግን እዚህም ወጥመድ አለ። የገበያ ቀኖችን ስብስብ ማክሰኞና ቅዳሜ ብለን ከሰኞ በሚጀምር ዝርዝር ብናስቀምጥ በ2ኛውና በ6ኛው ቦታ 1 ይጻፋል። አንባቢው ፕሮግራም ሳምንቱን ከእሑድ የሚጀምር ከሆነ ግን ያው 1 ሰኞና ዓርብ ላይ ያርፋል። ገበያተኛው ሜዳ ላይ ቀረ ማለት ነው! ከምልክቱ ጋር የዝርዝሩ ተራም አብሮ መሄድ አለበት።

ከዚያ በኋላ የመጡት ቋንቋዎች፣ ለምሳሌ ጃቫና ፓይተን፣ ስብስብን በሌላ ዘዴ ይይዛሉ። የመሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት አስቡ። ከባለጉዳዩ ስም ተነሥቶ በአንድ ስሌት የመሳቢያ ቁጥር ይወጣል፤ ዶሴው እዚያ ይገባል፤ ሲፈለግም በዚያው ስሌት ወደዚያው መሳቢያ ይኬዳል። ስሌቱ ሐሽ ይባላል። ፍጥነቱ ድንቅ ነው። አንድ ነገር ግን አለ። ፓይተን ከ2012 ጀምሮ፣ ተንኮለኞች አንዱን መሳቢያ ሆን ብለው እንዳያጨናንቁ ሲል፣ የጽሑፍን ስሌት ፕሮግራሙ በተነሣ ቁጥር ይለዋውጠዋል። ስለዚህ መሳቢያዎቹን እንዳሉ በፋይል ገልብጦ ነገ መልሶ መዘርጋት አይሆንም። ዶሴው 3ኛው መሳቢያ ውስጥ ተኝቶ ሳለ አዲሱ ስሌት ወደ 7ኛው ይልከንና የለም የሚል መልስ ይሰጠናል። ጃቫ ይህን በሚገባ ታደርገዋለች፤ ስትጽፍ ብዛቱንና አባላቱን ትጽፋለች እንጂ መሳቢያዎቹን አትጽፍም፤ ስታነብ እያንዳንዱን አባል እንደ አዲስ መጪ ተቀብላ በራሷ ስሌት ቦታ ትሰጠዋለች።

በፕሮግራሞች መካከል መረጃ ለመለዋወጥ በብዛት የሚሠራበት ጄሰን የሚባለው አጻጻፍ ደግሞ ለስብስብ የሚሆን ቦታ ጭራሽ የለውም፤ ያለው ሰልፍ ነው። ፓይተን ስብስብን በጄሰን ጻፍልኝ ሲባል አልችልም ብሎ ስሕተት ያሳያል። ጃቫስክሪፕት ግን ባዶ ቅንፍ ጽፎ ዝም ይላል፤ አባላቱ ሁሉ ይጠፋሉ፣ ማንም አይጮህም። ከሁለቱ የቱ ይሻላል ብትሉን፣ እምቢ የሚለው ይሻላል እንላለን። መፍትሔው አባላቱን ወደ ሰልፍ መለወጥ፣ ከሰልፉ ጋር ይህ ስብስብ ነው የሚል ምልክት ማኖር፣ ሲነበብም ምልክቱን አይቶ ሰልፉን መበተን ነው። የሚቻል ሲሆን ከመጻፍ በፊት በፊደል ተራ ማሰለፍ ይጠቅማል፤ ሰልፉ ትርጉም ስላለው ሳይሆን፣ አንድ ዓይነት ስብስብ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ፋይል እንዲያወጣና ሁለት ፋይሎችን ማስተያየት እንዲቻል ነው። በጃቫና በፓይተን የራሳቸው ዘዴ የተጻፈ ፋይል ደግሞ ሲነበብ ትእዛዝ ሊፈጽም ስለሚችል ከማይታወቅ ሰው ከመጣ መክፈት አይገባም።

የመጨረሻውና ረቂቁ ችግር አባሉ ራሱ ወደ ስብስቡ የሚያመለክት ሲሆን የሚነሣው ነው። ለምሳሌ ተማሪው የክፍሉ አባል ነው፤ በተማሪው መዝገብ ውስጥም ክፍሉ ተጠቅሷል። አንባቢው ፕሮግራም ተማሪውን መሥራት ይጀምራል፣ በመሐል ክፍሉን ያገኛል፣ ክፍሉን ለመሥራት ተማሪውን ወደ መሳቢያ ማስገባት አለበት፤ የተማሪው ስም ግን ገና አልተሞላም። ካልተሞላ ስም የመሳቢያ ቁጥር ይወጣል፤ ስሙ ሲሞላ ትክክለኛው ቁጥር ሌላ ይሆናል። ብዛቱ ትክክል ነው፣ ሲዘረዘርም ተማሪው ይታያል፣ አለ ወይ ተብሎ ሲጠየቅ ግን የለም ይላል። ካንቶር በ1882 በጠየቀው መለኪያ ይህ ስብስብ አልተመለሰም። ማድረግ የሚገባው አባላቱን በሙሉ በሰልፍ አቆይቶ ሠርቶ መጨረስ፣ ከዚያ ብቻ አንድ በአንድ ወደ ስብስቡ ማስገባት ነው። ከዚያም እንደ ተረካቢው ገበዝ የሄደውን ዝርዝር ይዞ እያንዳንዱን በስሙ አለህ ወይ ብሎ መጠየቅ፣ በዝርዝሩ የሌለ ሰው ገብቶ እንደሆነም ማየት ያስፈልጋል፤ ብዛት መቁጠር ብቻውን ይህን ጉድለት አያሳይምና።